ቤትን ያለ ደላላ መሸጥ፦ መሐል ላይ የሚቆመው ማን ነው?

ደላላ የሚከፈለው ገዢ ስለሚያመጣ ነው ይባላል። ቤታችንን ራሳችን ከሸጥን ወዲህ እኔ በዚህ አልስማማም። ገዢ በማስታወቂያ ይመጣል፣ በጎረቤት ይመጣል፣ በሥራ ባልደረባ በኩልም ይመጣል። የደላላው ዋና ሥራ መሐል ላይ መቆም ነው። ገዢው “ይህ ወጥ ቤትማ ፈርሶ መሠራት አለበት” ሲል የሚሰማው ደላላው እንጂ መደርደሪያውን በገዛ እጁ የሠራው ባለቤት አይደለም። “የመጨረሻው ስንት ነው?” ተብሎ ሲጠየቅም “ባለቤቱን አነጋግሬ ልምጣ” ብሎ ፋታ ያገኛል። እናንተ ስትሸጡ ግን ባለቤቱም ደላላውም እናንተው ናችሁ፤ “ላነጋግረው” የምትሉት ሰው የለም። ስለዚህ ያንን መሐል ላይ የሚቆም ሰው በሌላ ነገር መተካት ይኖርባችኋል፤ በወረቀት፣ በቀጠሮ፣ በዝምታ፣ በመጨረሻም በጠበቃ። ከዚህ በታች የማካፍላችሁ በዚሁ ሐሳብ የሠራነውን ነው።

አስቀድሜ ስለ ኮሚሽኑ ልናገር። ክፍያው በመቶኛ ስለሚሰላ ቤቱ ውድ በሆነ ቁጥር ኪስ ውስጥ የሚቀረው ገንዘብ ያጓጓል። ያንን ገንዘብ የሚመኘው ግን ሻጩ ብቻ አይደለም። ገዢውም ማስታወቂያው ላይ “ከባለቤቱ በቀጥታ” የሚለውን አንብቦ ነው የሚደውለው፤ የደላላው ድርሻ ከዋጋው ላይ እንዲነሳለት ይጠብቃል። ሁለት ወገኖች አንድን ገንዘብ ሁለት ጊዜ በጀት ይዘውበት ይገናኛሉ ማለት ነው። እኛ ከዚያ ገንዘብ የተወሰነው ለቤት ዋጋ ገማች፣ ለጠበቃና ለማስታወቂያ እንደሚውል፣ የተወሰነው ደግሞ በድርድር ለገዢው እንደሚሄድ ተስማምተን ጀመርን። የተረፈው የእኛ ነው። ሙሉውን ኮሚሽን አስቀራለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ድርድሩ ላይ ሲናደድ ይውላል።

“ያለ ደላላ የተሸጠ ቤት ዋጋ አያወጣም” የሚለውንም በጅምላ አትቀበሉት። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ በማዲሰን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2004 የተሸጡ ቤቶችን መርምረው በ2009 ውጤቱን ያሳተሙ ሦስት የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ ባለቤቶቻቸው ራሳቸው የሸጧቸው ቤቶች ደላሎች በጋራ በሚጠቀሙበት የሽያጭ መዝገብ ከተሸጡት ያነሰ ዋጋ እንዳላወጡ አግኝተዋል። የደላሎቹ መዝገብ ብልጫ ፍጥነቱ ነበር፤ ቤቶቹን ቶሎ ያሸጣል። ያለ ደላላ ጀምረው ሳይሆንላቸው ቀርቶ በኋላ ወደ ደላላ የዞሩም ነበሩ። አንድ ከተማ ዓለምን አይወክልም፤ ከእኛ ልምድ ጋር ግን ይገጥማል፦ ዋጋው አልጎደለብንም፣ ጊዜው ግን ረዘመ።

እዚሁ ላይ ሌላ ጥናት ላንሳ፤ ደላላ ክፉ ነው ለማለት ሳይሆን ሒሳቡን ለማየት። ስቲቨን ሌቪትና ቻድ ሲቨርሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ በቺካጎ አካባቢ የተሸጡ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ቤቶችን ተመልክተው ነበር። ደላሎች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ከደንበኞቻቸው ቤት በአማካይ 3.7 በመቶ ያህል ከፍ ባለ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ገበያ ላይም ወደ 9.5 ቀን የሚጠጋ ተጨማሪ ጊዜ ያቆዩታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮሚሽኑ 3 በመቶ ከሆነ፣ ሻጩ ታግሶ 100 ቢያስጨምር ደላላው የሚያገኘው 3 ብቻ ነው። ለእሱ ዛሬ መሸጥ ይሻለዋል። በራሱ ቤት ላይ ሲሆን ግን ጭማሪው ሁሉ የእሱ ነውና ይታገሣል። ራሳችሁ ስትሸጡ በእጃችሁ ያለው ትልቁ ጥቅም ይኸው ትዕግሥት ነው።

ትዕግሥት የሌለው ግን አይሞክረው። በተወሰነ ቀን ገንዘቡን የሚፈልግ፣ ቤቱ ካለበት ከተማ ርቆ የሚኖር፣ ወራሾች ገና ያልተስማሙበትን ቤት የያዘ፣ ክርክር ያለበትን ንብረት ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ለደላላ ወይም ለጠበቃ ቢከፍል አይጸጸትም። ሰው ሲነቅፍበት ፊቱ የሚቀያየር ሰውም እንዲሁ። ባለቤቴ ከነዚህ አንዱ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ዋጋ ስንተምን ዋናው ጠላት የራሳችን ዓይን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔችና ሪቻርድ ታለር ያሳተሙት የታወቀ ሙከራ አለ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለግማሾቹ ተማሪዎች አንዳንድ ኩባያ ተሰጣቸው፤ ከዚያ ባለ ኩባያዎቹ በስንት እንደሚሸጡ፣ የሌላቸው ደግሞ በስንት እንደሚገዙ ተጠየቁ። ሻጮቹ የጠየቁት ገዢዎቹ ሊከፍሉ ካሰቡት እጥፍ ገደማ ሆነ። ገና አሁን በተሰጠ ኩባያ ይህ ከሆነ፣ ልጅ ባሳደጉበት ቤት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያቅትም። እኔና ባለቤቴ ተለያይተን ዋጋ ብንጽፍ የሁለታችንም ገማቹ ካለው በላይ ሆኖ ተገኘ፤ የእሱ ከእኔ ይብሳል።

ገማች ስትቀጥሩ ክፍያው አስቀድሞ የተወሰነ ቁርጥ ክፍያ ይሁን፤ ከቤቱ ዋጋ በመቶኛ የሚታሰብለት ገማች ቁጥሩን ከፍ ቢያደርግ ይጠቀማል። የምትፈልጉት “ስንት ይጠየቅበታል” የሚለውን ሳይሆን “ስንት ይሸጣል” የሚለውን ነው። ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ዋጋ ሻጮች የተመኙት ነው፤ የተሸጠበት ዋጋ ሌላ ነው። በቅርቡ በሠፈራችሁ የተሸጡ፣ በስፋትም በአሠራርም በዕድሜም የሚመሳሰሉ ሦስትና አራት ቤቶች በስንት እንደሄዱ ካወቃችሁ ከማንኛውም አማካሪ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ጎረቤቶቻችን ይህን በቀጥታ ሲጠየቁ አይናገሩም ነበር፤ “እኛ ይህን ያህል አስበናል፣ በዛ እንዴ?” ስንላቸው ግን ሁሉም የሚያውቀውን አወጣ።

ከዚያ ሦስት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ጻፍን፦ የምንጠይቀው፣ ደስ ብሎን የምንቀበለው፣ ከዚያ በታች በፍጹም የማንወርድበት። ሁለታችንም ፈረምንበትና መሳቢያ ውስጥ ገባ። መፈረሙ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ሆኖም ድርድሩ ሲደክማችሁ “እንግዲህ ይሁን” የሚያሰኝ ምሽት ይመጣል። ያን ጊዜ ወረቀቱ የደላላውን ቦታ ይይዛል።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር አለ፦ ገዢዎች በድረ ገጽ ሲፈልጉ “ከዚህ እስከዚህ” ብለው የዋጋ ጣሪያ ያስገባሉ፤ ጣሪያውም ብዙ ጊዜ ድፍን ቁጥር ነው። ዋጋችሁ ከድፍኑ ቁጥር በጥቂቱ ከበለጠ፣ ያ ሁሉ ፈላጊ ቤታችሁን ጨርሶ አያየውም። ወይ ድፍኑ ላይ፣ ወይ ከድፍኑ በታች አድርጉት።

ሰነዶቹን ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት ጨርሱ። ብዙ ሻጭ ገዢ ከተገኘ በኋላ ነው ወረቀት ፍለጋ የሚሮጠው፤ በዚያ መሐል ገዢው ይቀዘቅዛል። የባለቤትነት ማረጋገጫው ላይ የተጻፈው ስም ከመታወቂያችሁ ጋር በፊደል ይመሳሰል። የትዳር ጓደኛ ወይም የጋራ ባለቤት ካለ ስምምነቱ በጽሑፍ ይያዝ። ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን ከሚመለከተው መዝገብ አውጡ። ቤቱ በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነ ቀሪው ዕዳ ስንት እንደሆነና ባንኩ መያዣውን የሚለቅበትን ሥርዓት በደብዳቤ ጠይቁ፤ ያለጊዜው ለመክፈል ቅጣት የሚያስቡም አሉ። ስፋቱን በሜትር ለክታችሁ ሰነዱ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ያለ ፈቃድ የተጨመረ ክፍል ነው፤ የገዢው ባንክ ወይም ጠበቃ ያገኘዋል፣ ሲያገኘውም ዋጋ ለመስበር ወይም ውሉን ለማፍረስ በቂ ምክንያት ይሆናል። በሕጋዊ መንገድ ሊስተካከል የሚችል ከሆነ አስተካክሉት፤ የማይስተካከል ከሆነ ከፊት ለፊት ተናገሩት።

ስለ መናገር ከተነሣ፣ ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የጠቀመን አንዲት ገጽ ነበረች። ቤቱ መቼ እንደተሠራ፣ ስፋቱ፣ ጣራው መቼ እንደተቀየረ፣ የውኃና የመብራት ወርሃዊ ወጪ፣ ከቤቱ ጋር የሚቀረውና የማይቀረው ዕቃ። በመጨረሻም “ማወቅ ያለብዎት” የሚል ርእስ፦ “ከከባድ ዝናብ በኋላ በጓሮ በኩል ባለው መኝታ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ግድግዳው ላይ ለጥቂት ቀናት እርጥበት ይታያል። ምክንያቱ የአሸንዳው መውረጃ መሆኑን ባለሙያ አይቶ ነግሮናል፤ አልተጠገነም።” ባለቤቴ ይህን ዓረፍተ ነገር እንድሰርዝ ለምኖኛል። አልሰረዝኩትም። የታወቀን ጉድለት ደብቆ መሸጥ በብዙ አገሮች ሕግ ሻጩን ከሽያጩ በኋላም ያስጠይቃል፤ ገጿን ሰጥቶ ገዢው ማንበቡን በፊርማ ማረጋገጥ ደግሞ ከዚያ ክርክር ያድናል።

ከመጡት ሰዎች አንድ አረጋዊ ነበሩ። መነጽራቸውን አውጥተው ገጿን በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ አነበቡ። እርጥበቱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። “ልጄ፣ ይህን ራስሽ ነሽ የጻፍሽው?” አሉኝ። “አዎ አባቴ” አልኩ። ወደ መኝታ ቤቱ ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው የእርጥበቱን መስመር ዳሰሱ፤ አልጋው ጀርባ ሌላ አለ እንደሆነ አዩ፤ የለም። ከዚያ በኋላ ያልጻፍኩትን ጉድለት መፈለጋቸውን ተዉት። ሌሎቹ ጎብኚዎች ላይም ይህንኑ አየሁ፤ ጉድለቱን ከሻጩ አፍ የሰማ ገዢ ምርመራውን ያላላል። ዋጋ ለማስቀነስም ብዙ አይመቸውም፤ ጉድለቱ ዋጋው ውስጥ ታስቦ እንደገባ ያውቃልና።

ቤቱን ስለማዘጋጀት ሁሉም የሚለው ነው፦ ማጽዳት፣ የተትረፈረፈውን ዕቃ ማውጣት፣ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ማሠራት፣ የተቃጠለ አምፖል መቀየር። ትልቅ እድሳት ግን አልመክርም። አዲሱ ገዢ በራሱ ምርጫ ሊቀይረው ለሚችለው ወለል የምታወጡትን ገንዘብ ሙሉ በሙሉ አታስመልሱም።

ፎቶግራፍ ላይ ግን አትቆጥቡ፤ ጊዜ እንጂ ገንዘብ አይፈልግም። ቀን፣ መጋረጃው ተከፍቶ፣ ስልኩ በአግድም ተይዞ፣ በደረት ከፍታ፣ ከክፍሉ ማዕዘን። ከላይ ወደ ታች የተነሣ ክፍል ጠባብ ይመስላል። በጣም ሰፊ በሚያሳይ ሌንስ የተነሣው ደግሞ አዳራሽ ያስመስለዋል፤ ገዢው በአካል ሲመጣ በሩ ላይ ፊቱ ይወድቃል። ተበሳጭቶ የገባ ሰው አይገዛም። የባለቤትነት ሰነዱን ፎቶ በፍጹም አታውጡ፤ የሰው ቤት በሐሰተኛ ሰነድ ለመሸጥ የሚያስቡ ሰዎች የሚፈልጉት እሱን ነው። ቁልፍም ፎቶው ውስጥ እንዳይታይ። ማጋነን እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከሩቅ ከተነሣ የቁልፍ ፎቶ ተመሳሳይ ቁልፍ መሥራት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ማስታወቂያው ላይ ዋጋውን ጻፉ። “ዋጋ በስልክ” የሚል ማስታወቂያ አቅም የሌለውንም ያለውንም ያስደውላል፤ የእናንተ ጊዜ ነው የሚባክነው። ለዚሁ ሥራ የተለየ ስልክ ቁጥር ብታወጡ ይሻላል፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚደውሉት ደላሎች ናቸው። ከእነሱም አንዳንዶቹ ገዢ መስለው ይደውላሉ። በጥያቄያቸው ትለዩአቸዋላችሁ፦ ገዢ የሚጠይቀው ስለ ፀሐይ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ጎረቤት ነው፤ ደላላ የሚጠይቀው “ለሌላ ሰው ሰጥታችኋል ወይ?” ብሎ ነው። በትሕትና “ገዢ ካለዎት ክፍያዎን ከእሳቸው ይቀበሉ፤ እኛ አንከፍልም” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጅተን ለሁሉም ያንኑ ደገምን። ከዚያ አልፎ መከራከር አያስፈልግም።

ለማየት የሚመጣ ሰው ከመምጣቱ በፊት ሙሉ ስሙንና ስልኩን መጠየቅ፣ ቀን ቀን ብቻ መቀበል፣ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ መሆን፣ ወርቅ፣ ፓስፖርትና መድኃኒት መቆለፍ። ስታስጎበኙ ሰውየውን አስቀድማችሁ ከኋላ ተከተሉ። ይህ ለደኅንነት ነው፤ ሌላም ጥቅም አለው፦ ከኋላ ሲኬድ ገዢው የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚነካ ይታያል።

አሁን ወደ ባለቤቴ። የወጥ ቤቱን መደርደሪያ የሠራው እሱ ነው፤ ጥሩም ነው። የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች አንዱን በር ከፍተው “ይህ እንጨት አያረጅም?” ብለው ጠየቁ። ጥያቄ ነበር። እሱ ግን ስለ እንጨቱ ዓይነት፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ማጠፊያው መናገር ጀመረና ሰዎቹ ሰዓታቸውን እስኪያዩ አላቆመም። እነሱ ከሄዱ በኋላ “አላወቁበትም” አለኝ። ከዚያ ወዲህ በጉብኝት ሰዓት ልጆቹን ይዞ እንዲወጣ ተስማማን፤ እህቴ እየመጣች ከእኔ ጋር ቆየች። ቤቱን የማትወድ አይደለችም፤ ግን የእሷ አይደለም። ከደላላው የምንከራየው ርቀት እንደዚህ በነጻ ይገኛል፦ ቤቱ ውስጥ ምንም ያልሠራ ዘመድ ፈልጉ።

እኔ ራሴ ሦስት ነገር ብቻ ለመናገር ወሰንኩ፦ የክፍሉን ስም፣ የሚታይ ነገር ሁሉ ገጿ ላይ እንዳለ፣ ለተጠየቅኩት መልስ። ዝም ሲባል ሰው ቤቱን ያያል። አንዲት ሴት የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ እንደተከፈተ ትታው ሄደች፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ የሻወሩንም ከፈተች፤ ተመልሳ የወጥ ቤቱ ውኃ ቀንሶ እንደሆነ አየች። ከዚያ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፍታ ወለሉን በመዳፏ ዳሰሰች፤ መዳፏንም አገላብጣ ተመለከተች። አንድም ጊዜ “ቆንጆ ነው” አላለችም። የገዛችው እሷ ናት። በየክፍሉ ቆመው ያመሰገኑት፣ ሶፋውን የት እንደሚያስቀምጡ የነገሩኝ ሰዎች ተመልሰው አልደወሉም። ሁለተኛ ጊዜ፣ በሌላ ሰዓት፣ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ይዞ የሚመጣ ጎብኚ ካገኛችሁ ግን ጉዳዩ የምር ነው።

ድርድሩ ላይ ሁሉም ሻጭ የሚፈራው ያ ጥያቄ አለ። አንድ ባልና ሚስት ቤቱን ካዩ በኋላ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ባልየው ወደ ፊት ጠጋ ብሎ፣ “እንግዲህ እህቴ፣ የመጨረሻውን ንገሪንና እንጨርስ” አለ።

“ዋጋው ማስታወቂያው ላይ ያለው ነው። እናንተ ያሰባችሁት ካለ በጽሑፍ ላኩልን፤ ከባለቤቴ ጋር አይተን ነገ እንመልስላችኋለን።”

“ምን ጽሑፍ ያስፈልጋል? እዚሁ ተቀምጠን የለ?”

“ልክ ነው፤ ግን ብቻዬን አልወስንም።”

ከዚያ ዝም አልኩ። ከባድ ዝምታ ነበር፤ እህቴ ብርጭቆዎቹን ማንሣት ጀመረች። ሚስትየዋ ባሏን አየችው። እሱም ራሱ ቁጥር ጠራ። ዝቅተኛ ነበር፣ ግን መጀመሪያ የጠራው እሱ ነው። “የመጨረሻው” ተብላችሁ ስትጠየቁ የምትሰጡት ቁጥር መጨረሻ አይሆንም፤ የሚቀጥለው ድርድር መጀመሪያ ይሆናል። “ብቻዬን አልወስንም” ደግሞ ደላላው “ባለቤቱን ላነጋግር” የሚለው ነገር ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው እንኳ “ከጠበቃዬ ጋር አይቼው” ማለት ይችላል፤ ውሸትም አይደለም። እኛ ፊት ለፊት ለቀረበ ዋጋ በዚያው ቀን መልስ ላለመስጠት ወስነን ነበር፤ ጥሩ ቢሆንም።

የቀረበ ዋጋ ማለት ቁጥር ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በእጅ ነው፣ በብድር ነው፣ የራሱን ቤት ሸጦ ነው? መቼ ይከፈላል? በምን ሁኔታ ሊፈርስ ይችላል? እነዚያ ባልና ሚስት በመጨረሻ ያቀረቡት ዋጋ ቧንቧ የከፈተችው ሴት ካቀረበችው ይበልጥ ነበር። ይሁን እንጂ የእነሱ ክፍያ መጀመሪያ የራሳቸው ቤት እንዲሸጥ፣ ከዚያም ባንክ ቀሪውን እንዲያበድር የሚጠብቅ ነበር። የእሷ ብድር ግን በባንክ ተፈቅዶ በደብዳቤ ተይዟል። የሚያበድር ባንክ ደግሞ የራሱን ገማች ይልካል፤ ገማቹ ከተስማማችሁበት ዋጋ ዝቅ ካደረገ፣ ልዩነቱን ገዢው ከኪሱ ያመጣል ወይም እንደገና ሊደራደር ይመለሳል። የሴትየዋን መረጥን። ባለቤቴ ለሁለት ቀን አኮረፈ፤ ቁጥሩ ግን ከሦስቱ በመካከለኛውና በላይኛው መሐል ስለነበረ ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥቼ ከማሳየት በቀር አልተከራከርኩም።

ውል የምትጽፉት እናንተ አትሁኑ። ከበይነ መረብ የወረደ ቅጽ ላይ ስም ቀይሮ መፈረም ከኮሚሽኑ በላይ ያስወጣል። ለዚህ አንድ ሥራ በቁርጥ ክፍያ የሚሠራ፣ የገዢው ያልሆነ ጠበቃ ያዙ። ጠበቃችንን መጀመሪያ የጠየቅነው ስለ ቀብድ ነበር፤ ምክንያቱም በሰነዱ ላይ የሚጻፈው አንድ ቃል ውጤቱን ይለውጣል። በበርካታ አገሮች የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጩ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። “ቅድሚያ ክፍያ” ተብሎ ከተጻፈ ግን ትርጓሜው ሌላ ሊሆን ይችላል። በእጅ በጥሬ ገንዘብ፣ በሁለት መስመር ደረሰኝ ቀብድ አትቀበሉ። የሚቀርና የሚወሰድ ዕቃ በዝርዝር ይግባ፦ መብራቶች፣ መጋረጃ መስቀያ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ ምድጃ። በትልቁ ዋጋ የተስማሙ ሰዎች በመጋረጃ መስቀያ ሲጣሉ አይቻለሁ። ግብርና የስም ማዛወሪያ ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ ቤቱ የሚለቀቅበት ቀን፣ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን፣ ሁሉም ይጻፍ።

ገንዘቡ ላይ ጨካኝ ሁኑ። ቼክ ሒሳባችሁ ውስጥ ገብቶ ቢታይ እንኳ ገና ገንዘብ ላይሆን ይችላል፤ አንዳንድ ባንኮች ቼኩ ሙሉ በሙሉ ሳይጣራ መጠኑን ያሳያሉ፣ በኋላ ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ መልሰው ይቀንሱታል። ከተስማማበት በላይ ከፍሎ “ልዩነቱን መልሱልኝ” የሚል ሰው አጭበርባሪ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። የባንክ ሒሳብ ቁጥራችሁን ለገዢው በአካል፣ በወረቀት፣ በጠበቃው ፊት ስጡ፤ “ሒሳባችን ተቀይሯል” የሚል መልእክት በኢሜይል ቢደርሰው ሳይደውል እንዳያምን ንገሩት፤ ይህ ማጭበርበር ገዢውን ነው የሚጎዳው። ቁልፍ የሚሰጠው ሙሉው ገንዘብ መግባቱን ባንኩ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። “ቀለም ለመቀባት ብቻ ቀደም ብላችሁ ቁልፉን ስጡኝ” ቢሏችሁ፣ ምንም ያህል ደግ ሰው ቢሆን፣ አይሆንም በሉ። ገዢያችን ጠይቃን ነበር። “ጠበቃችን አይፈቅድም” አልኳት፤ ሳቀችና ተወችው። ጠበቃ መሐል ላይ ለመቆም ጥሩ ነው።

በርክክቡ ቀን ባዶውን ቤት አብራችሁ ዙሩ። የመብራትና የውኃ ቆጣሪዎችን ንባብ በፎቶ አንሡ፣ ቁልፎቹን ቆጥራችሁ በወረቀት አስፈርሙ። ዋናው የውኃ መዝጊያ የት እንዳለ አሳዩ፤ ካላሳያችሁ በሌሊት ይደወልላችኋል። የቤቱን ኢንሹራንስ ስመ ሀብቱ በመዝገብ ላይ ተዛውሮ ሳታዩ አታቋርጡ፤ የመብራትና የውኃ ደንበኝነቱንም ከእናንተ ስም አስወጡ፣ አለዚያ የሌላ ሰው ዕዳ በስማችሁ ይጠራቀማል። የውሉን፣ የደረሰኞቹንና የእድሳት ወጪዎቹን ኮፒ ለዓመታት አቆዩ፤ ግብር ሰብሳቢው ከሽያጩ ብዙ ቆይቶ ሊጠይቅ ይችላል። ማስታወቂያውንም ከየተለጠፈበት በዚያኑ ዕለት አንሡት። እኛ አንድ ቦታ የቀረ ነበረና ቤቱ ከተሸጠ በኋላም ስልኩ መጮኹን አላቆመም፤ ሲምካርዱን አውጥቼ ከሰነዶቹ ጋር እስካስቀመጥኩት ድረስ አንድ ደላላ “ጥሩ ገዢ አግኝቼላችኋለሁ” እያለ ይደውል ነበር።